ፋይናል ፋንታሲን ከየት ልጀምር? ከ10 ጀምሪ

ጥያቄ፦ «ፋይናል ፋንታሲ ስለሚባሉት የጃፓን ጌሞች ስሰማ ዓመታት ሆነኝ። አሁን ልሞክረው ብዬ ሳይ 16 ቁጥር ደርሷል። ከ1 ካልጀመርኩ ታሪኩ ይገባኛል? አንዱ ጓደኛዬ ‹የ7ን ሪሜክ ያዢ፣ ያው 7 ነው፣ ግራፊክሱ ብቻ ነው የተሻሻለው› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹አሮጌውን ተይው፣ አዲሱን 16ን ተጫወቺ› ይላል። ያለኝ ፕሌይስቴሽን 4 እና አሮጌ ላፕቶፕ ነው። እስካሁን የተጫወትኩት የእግር ኳስና የተኩስ ጌም ብቻ ነው። ተራ በተራ የሚደረግ ውጊያ ሞክሬ አላውቅም። የምፈልገው ጥሩ ታሪክ ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ጊዜ አለኝ። የትኛውን ልያዝ?»

ምላሽ፦ 10ን ያዢ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ውስጥ መስተካከል ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ካልተስተካከሉ ከ10 በኋላም ምርጫሽን ማሳሳታቸው አይቀርም።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ምዕራፍ አይደለም። የሚነግርሽ ጌሙ ስንተኛ ሆኖ እንደወጣ ብቻ ነው። 6ን ለመረዳት 5ን ማወቅ አያስፈልግም። ዓለሙ ሌላ ነው፣ ሰዎቹ ሌሎች ናቸው፣ አስማት የሚሠራበት ሕግ እንኳ ይለያያል። የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ በታኅሣሥ 1987 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ለሚባለው የኔንቴንዶ የጌም ማጫወቻ ወጣ። የሠራው ስኩዌር የሚባል ኩባንያ ነው፣ ሥራውን የመራው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ። በቀጣዩ ዓመት 2 ሲወጣ የ1ን ታሪክ አልቀጠሉም። አዲስ ዓለም፣ አዲስ ሰዎች፣ ጭራሽ አዲስ የእድገት ሥርዓት ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ይሄ የተከታታዩ ባሕርይ ሆኖ ቀረ። እያንዳንዱ ቡድን ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ «ከ1 ካልጀመርኩ ይገባኛል ወይ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ይገባሻል።

አንዱን ጌም ከሌላው ጋር የሚያስተሳስሩት ትንንሽ የቤተሰብ ምልክቶች ናቸው። እንደ ፈረስ የሚጋለበው ትልቅ ቢጫ ወፍ ቾኮቦ ከ2 ጀምሮ አለ። ሲድ የሚባል ሰውም እንዲሁ፤ ግን በየጌሙ ሌላ ሰው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚመላለሰው። ሙግል የሚባሉት ትንንሽ ፍጡሮችና በውጊያ ላይ ተጠርተው የሚመጡት ኃያላን ከ3 ጀምረው ይታያሉ። ኖቡኦ ኡዬማትሱ ለመጀመሪያው ጌም የጻፈው የመክፈቻ ዜማም እየተለዋወጠ ይመለሳል። እነዚህን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሲያያቸው ደስ ይለዋል። የማያውቅ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም።

ቁጥሩ ላይ ያለውን ግራ መጋባት ያባባሰው ሌላ ታሪክም አለ። በ1991 አሜሪካ ውስጥ «2» ተብሎ የተሸጠው በእውነት 4 ነበር። በ1994 «3» የተባለው ደግሞ 6 ነው። በመሃል ያሉት በጊዜው እዚያ ስላልወጡ ቁጥሩን አስተካክለው ሸጡት። በኋላ 7 በራሱ ቁጥር ሲወጣ ሰዎች «4፣ 5 እና 6 የት ገቡ?» አሉ። የድሮ ተጫዋች «3ን ነው የምወደው» ሲልሽ ስለ 6 እያወራ ሊሆን ይችላል። ጠይቂው።

ይህ የፋይናል ፋንታሲ ነገር መሆኑንም ልብ በይ። ቅደም ተከተል በእርግጥ የሚያስፈልግባቸው ተከታታዮች አሉ። የማስ ኢፌክት ሦስቱ ጌሞች የአንድ ሰው ታሪክ ናቸው። በመጀመሪያው ጌም የወሰንሽው ውሳኔ በሴቭ ፋይልሽ አማካይነት ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። እዚያ ከመሃል መጀመር ታሪኩን ያበላሸዋል። ፋይናል ፋንታሲ ውስጥ ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ራሱ ሌላ ቁጥር ሲያስከትል ነው። 10-2 የ10 ቀጣይ ነው፣ 13-2 የ13። እነዚህን ከዋናው በፊት አትንኪ።

ሁለተኛ፣ የ7 ሪሜክ፣ ማለትም እንደ አዲስ ተሠርቶ የወጣው፣ «ያው 7» አይደለም። ጓደኛሽ በቅንነት ነው የነገረሽ፤ ስሙም ያሳስታል። በ2020 የወጣው ሪሜክ የሦስት ክፍል ሥራ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሚድጋር በምትባል አንዲት ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። በ1997ቱ ጌም ከሚድጋር የምትወጪው ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። ሪሜኩ ያንን አንስቶ ራሱን የቻለ ረጅም ጌም አድርጎታል። ሁለተኛው ክፍል በ2024 ወጥቷል፤ ግን ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም። ስለዚህ አንቺ ባለሽ ዕቃ ታሪኩ ከመሃል ይቆረጥብሻል።

ከዚህ የከፋው ችግር ግን ሌላ ነው። ሪሜኩ የድሮውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። በዚያ ጥበቃ ላይ ነው የሚጫወተው። «ይሄ እንዲህ አልነበረም እኮ!» ብለሽ እንድትደነግጪ ታስበው የተሠሩ ቦታዎች አሉ። ዋናውን ካላየሽ አትደነግጪም፤ ግራ ትጋቢያለሽ እንጂ። በተለይ መጨረሻው ላይ። ሪሜኩን በጣም እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው አስቀድመሽ እንድታባክኚው የማልፈልገው። 7ን ከፈለግሽ የ1997ቱን ተጫወቺ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አለ። ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ማድረግና በጉዞ ላይ ሳታስቢ የሚገጥሙሽን ድንገተኛ ውጊያዎች ማጥፋትም ይቻላል። ሰዎቹ ከሳጥን የተገጣጠሙ ይመስላሉ፤ ታሪኩ ግን ዛሬም ልብ ይሰቅላል።

ሦስተኛ፣ አዲስ ማለት ለጀማሪ የተሻለ ማለት አይደለም። በ2023 የወጣው 16 አንቺን በቀጥታ አይመለከትሽም፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የለም። ላፕቶፕሽ አሮጌ ከሆነ እሱም አይችለውም። ፕሌይስቴሽን 5 ላላቸው ሰዎችም ግን የምለው አለኝ። 16 በፍጥነት የሚመታበትና የሚሸሽበት የአክሽን ጌም ነው። የውጊያውን ሥርዓት የመራው ሰው ቀደም ሲል ዴቪል ሜይ ክራይ 5 የሚባል ፈጣን የአክሽን ጌም ላይ የሠራ ነው፤ እጅሽ ላይም ያ ይሰማሻል። ከሞላ ጎደል የምትጫወቺው በአንድ ሰው ብቻ ነው፣ በክላይቭ። ጥሩ ጌም ነው፣ ለአዋቂዎች የታሰበ ጨለማ ታሪክ አለው። ነገር ግን 16ን መውደድሽ ወይም መጥላትሽ ስለሌሎቹ አሥራ አምስት ጌሞች ምንም አይነግርሽም።

ዋናው ልዩነት ውጊያው ላይ ነው፤ ሰዎች ስለ ቁጥር ሲከራከሩ የሚረሱትም ይሄንኑ ነው። 1፣ 2 እና 3 ውስጥ ለሁሉም ሰው ትዕዛዝ ትሰጪያለሽ፣ ከዚያ ተራ በተራ ይመታሉ። በ1991 በ4 ላይ ዲዛይነሩ ሂሮዩኪ ኢቶ አዲስ ነገር አመጣ። እያንዳንዱ ሰው የሚሞላ የጊዜ መስመር አለው፤ መስመሩ ሲሞላ ተራው ይደርሳል፣ አንቺ ስታስቢም ጠላት ዝም ብሎ አይጠብቅሽም። ይህ እስከ 9 ቆየ። 10 ላይ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ቆመ። 12 ላይ ሰዎችሽ ቀድመሽ በጻፍሽላቸው ትዕዛዝ በራሳቸው ይዋጋሉ። 15 እና 16 ወደ አክሽን ሄዱ። 11 እና 14 ደግሞ በኢንተርኔት ከብዙ ሰው ጋር የሚጫወቷቸው ናቸው፤ እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት «የትኛውን ዓይነት ውጊያ እችለዋለሁ?» ከሚለው ነው።

አንቺ ተራ በተራ የሚደረግ ውጊያ ሞክረሽ አታውቂም። ታሪክ ትፈልጊያለሽ። ጊዜሽ አጭር ነው። ፕሌይስቴሽን 4 አለሽ። አራቱም ወደ 10 ይመሩኛል።

10 በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ምስሉና ሙዚቃው ታድሶ በ2015 ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ደርሷል። ዋናው ልጅ ቲዳስ ይባላል፣ ብሊትዝቦል የሚባል በውኃ ውስጥ የሚደረግ የኳስ ጨዋታ ኮከብ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ከተማው ይወድምና ስፒራ የምትባል የማያውቃት ዓለም ውስጥ ራሱን ያገኛል። ሃይማኖቱን አያውቅም፣ ክልክሉን አያውቅም፣ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ አያውቅም። የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ አንቺ የምትጠይቂው ነው። ስለዚህ ጌሙ ረጅም መግቢያ ሳያነብልሽ ዓለሙን ያስተምርሻል። ከዚያ ዩና የምትባል ወጣት ጋር መንፈሳዊ ጉዞ ይጀምራል። ጉዞው ወዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ይነገርሻል። ምን እንደሚያስከፍል ግን አይነገርሽም። ከዚህ በላይ አልናገርም። አንቺም ስለ ታሪኩ ኢንተርኔት ላይ ምንም አትፈልጊ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ጌም ስለሆነ ሰው ፍጻሜውን በርዕስ ላይ ሳይቀር ይጽፈዋል።

ውጊያውም ልክ እንደ ታሪኩ ቀስ ብሎ ነው የሚያስተምረው። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀጥሎ ማን እንደሚመታ በሰልፍ ይታይሻል። እስክትወስኚ ድረስ ማንም አይነቃነቅም። ቡና አፍልተሽ ብትመለሺ እንኳ ጠላት እዚያው ቆሞ ነው። ሰባት ሰዎች አሉሽ፣ በአንዴ የሚዋጉት ሦስቱ ናቸው፣ በተራቸው መቀያየር ትችያለሽ። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። የሚበር ጠላት ሲመጣ ዋካ በኳሱ ያወርደዋል። ድንጋይ ቅርፊት ያለበትን አውሮን በከባድ ሰይፉ ይሰብረዋል። ፈጣንና ተንሸራታች የሆነውን ቲዳስ ይደርስበታል። ሰይፍ የማይነካውን ለስላሳ ፍጡር ሉሉ በአስማት ትጨርሰዋለች። በጥቂት ምሽቶች ውስጥ ጠላቱን አይተሽ «ይሄ የማን ነው?» ማለት ትጀምሪያለሽ። ተራ በተራ የሚደረግ ውጊያ ጣዕሙ እዚያ ጋ ነው። ቁልፍ በፍጥነት ከመጫን ይልቅ ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ሰዓት ማቅረብ። ይህንን እንደ 10 አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ፋይናል ፋንታሲ አላውቅም።

በዚህ ጌም ላይ ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ስትጀምሪ ስፊር ግሪድ የሚባለውን የእድገት ካርታ እንድትመርጪ ይጠይቅሻል። ስታንዳርድ የሚለውን ምረጪ። ኤክስፐርት የሚለው መንገዱን ክፍት ስለሚያደርገው ጀማሪ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ ያበላሻቸዋል። ለመጀመሪያው ምሽት ሁለት ሰዓት ብትሰጪው ጥሩ ነው፤ መክፈቻው ረጅም ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሴቭ የሚደረገው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ጊዜሽ ሲያልቅ ጌሙን ሳትዘጊ ፕሌይስቴሽኑን ሬስት ሞድ ላይ አድርጊው፤ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ይህ ግን ሴቭን አይተካም። መብራት ከጠፋ ያልተቀመጠው ይጠፋል። ስለዚህ የሚያበራ ክብ ነገር ባየሽ ቁጥር ሴቭ አድርጊ።

አንድ የሚያናድድ ጉድለትም አለው፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ታሪኩ የሚነገርባቸውን ትዕይንቶች መዝለል አይቻልም። ቦስ የሚባለው ከባድ ጠላት ካሸነፈሽ ከፊቱ ያለውን ረጅም ንግግር እንደገና ታያለሽ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይህ የሚያማርርበት ቦታ አለ። ከዚያ ውጪ ብሊትዝቦል የግድ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሉካ የምትባል ከተማ ስትደርሺ። ብትሸነፊም ታሪኩ ይቀጥላል፤ አትጨነቂ። መብረቅ 200 ጊዜ ማምለጥ የመሳሰሉ ነገሮች እንዳሉ ትሰሚ ይሆናል፤ ለታሪኩ አንዱም አያስፈልግም። መጨረሻ አካባቢ የአየር መርከብ ስታገኚ ወደ ድሮ መንደሮች ለመመለስ ትጓጊያለሽ። ከመሄድሽ በፊት ሴቭ አድርጊ። በታደሰው ቅጂ ውስጥ አንዳንዶቹ ቦታዎች ላይ ከዋናው ጠላት በብዙ የሚከብዱ ፍጡሮች ተቀምጠዋል።

ቲዳስ እየጮኸ የሚስቅበት ትዕይንትም አለ፤ ሰው እየቆረጠ ያሰራጨዋል፣ «ተዋናዩ አይችልም» እያለ ይሳለቅበታል። በ10 ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከታታዩ ውስጥ ስለገባ አንዳንድ ቦታ መንገዳገዱ እውነት ነው። ያ ሳቅ ግን ሆን ተብሎ የውሸት የተደረገ ነው። ሁለት ያዘኑ ወጣቶች ሳቅ ሳይመጣቸው ራሳቸውን በግድ ሊያስቁ እየሞከሩ ነው። በቦታው ስታዪው ይገባሻል።

አሁን ስለሌሎቹ ባጭሩ። አንድ ምክንያት ኖሮሽ 10ን መጫወት ካልቻልሽ ሁለተኛ ምርጫዬ 6 ነው። የ1994 ጌም ሆኖ ፒክስል ሪማስተር በሚባለው የታደሰ ቅጂ ፕሌይስቴሽን 4 ላይም ኮምፒውተር ላይም አለ። አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። በራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ ይህ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። የፕሌይስቴሽኑ ቅጂ ውስጥ ድንገተኛ ውጊያን ማጥፋትና እድገትን እስከ አራት እጥፍ ማፋጠን ይቻላል። 14 ሰዎች አሉት፣ ከእነሱ መካከል «ዋናው ይሄ ነው» የምትዪው የለም። ምስሉ ትንሽ፣ ንግግሩ በጽሑፍ ብቻ ነው። ከእግር ኳስና ከተኩስ ጌም ለምትመጪ ሰው ዝላዩ ትንሽ ይሰፋል ብዬ ስለፈራሁ ነው ሁለተኛ ያደረግሁት።

9 ሞቅ ያለ፣ ተረት የመሰለ ነው፤ ውጊያው ግን ይንቀረፈፋል። 12ን የምመክረው ፖለቲካና ሰፊ ሜዳ ለሚወድ ነው። 8ን ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርብሽ፤ አንቺ ሌቭል በጨመርሽ ቁጥር ጠላቶቹም አብረው ይጨምራሉ፣ እድገቱም አስማትን እየሰበሰቡ ከሰውነት አቅም ጋር ማያያዝ ይጠይቃል። ይህ ሌላ ጌም ለለመደ ሰው አስደሳች እንቆቅልሽ ነው፤ ለጀማሪ ራስ ምታት ነው። 13 ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የለም። 15 አለ፤ ግን የታሪኩ አንድ ትልቅ ክፍል ኪንግስግሌይቭ በሚባል ለብቻው በወጣ ፊልም ውስጥ ነው። ጥሩ ታሪክ ለምትፈልጊው ለአንቺ ያ ቅር የሚያሰኝ ነው።

14ን በተመለከተ «ነፃ ነው እኮ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። የነፃው ሙከራ የጊዜ ገደብ የለውም፣ እስከ ሌቭል 70 ያስኬዳል። ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት የሚበላ ጌም ነው። መጀመሪያው ይጎተታል፣ የሚያምረው ክፍል ዘግይቶ ይመጣል። ማታ አንድ ሰዓት ላላት ሰው ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ መቆም ነው። ከሞከርሽው ደግሞ ይህን እወቂ፤ በዚያው አካውንት አንዴ ከገዛሽ ወደ ነፃው መመለስ የለም፣ ወርኃዊ ክፍያ ይጀምራል።

ከ1 መጀመር ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልሽም። የታደሰው ቅጂ አጭር ነው፣ የነገሩን ሥር ማየት ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። አደጋው ያለው 2 ላይ ነው። እዚያ ሌቭል የሚባል ነገር የለም። በሰይፍ ከመታሽ ሰይፍሽ ያድጋል፣ ከተመታሽ ጤናሽ ያድጋል። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ያደክማል። «ቅደም ተከተል» ብለው ጀምረው 2 ላይ የቀሩ፣ ወደ 6 እና ወደ 10 ሳይደርሱ የተዉ ተጫዋቾች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል፤ የሚወዱት ጌም ጥቂት ቁጥር ወደፊት እየጠበቃቸው ነበር።

10ን እስከ ሉካ ድረስ ዕድል ስጪው። ሉካ ስትደርሺ ዋና ዋናዎቹን ሰዎች አውቀሻል፣ ውጊያውም እጅሽ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ደርሰሽ ዩና ምን ትሆን ይሆን ብለሽ ካላሰብሽ፣ ማታ ለመክፈት ካልጓጓሽ፣ ሳትጸጸቺ ዝጊውና 6ን ሞክሪ። ከጓጓሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሂጂ፤ ሙሉ ታሪኩ ወደ 40 እና 50 ሰዓት ይጠጋል፣ በአንቺ ፍጥነት ሁለት ወር ገደማ ነው። ስትጨርሺ እዚያው ጥቅል ውስጥ 10-2 ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ያን ማታ አትክፈቺው። ፍጻሜው ለጥቂት ቀናት ውስጥሽ ይቀመጥ።